በጠበቃ ሎኬት ስም

ጠበቃ አምብሮዝ ሎኬት የሞተው በመጋቢት ወር፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ከእስር ቤት ወደ ቤቱ ሲነዳ ነው። መኪናውን ዳር አስይዞ፣ ሞተሩን አጥፍቶ፣ እዚያው መሪው ላይ ድፍት አለ። ሐኪሞቹ ልቡ ነው አሉ። የሞስሊ ከተማ ሰው ግን ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራ የሰነበተው ሞተሩን ስለማጥፋቱ ነበር፤ ሰውየው ሲሞት እንኳ የማንንም መንገድ አልዘጋም እያለ።

ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ በዚያ በደቡብ ጆርጂያ የጥጥና የኦቾሎኒ አገር፣ የአያቶቻቸውን መሬት ሊነጠቁ ለደረሱ ቤተሰቦች፣ ከቤት ለተባረሩ መበለቶች፣ ልጆቻቸው ለታሰሩባቸው እናቶች ሲሟገት ኖሯል። ስለዚህ ከቀብሩ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በስሙ የመታሰቢያ ስኮላርሺፕ አቋቋመ። የሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት ከሚዘጋጁ የኮሌጅ ተማሪዎች መካከል በየዓመቱ አንድ ልጅ ይመረጥና ይማርበታል ተባለ። መራጮቹ ሁለት ነበሩ፤ ባለቤቱ ወይዘሮ ቨርዴል ሎኬትና ጡረታ የወጡት ርእሰ መምህር ሚስተር ኬቶ ዎምብል።

ከአመልካቾቹ አንዷ ኔቫ ቲልማን ነበረች። ሃያ ዓመቷ ነው፤ የኮሌጅ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ። ጠበቃ ሎኬት ሲሞት ከተማው ሁሉ አልቅሷል፤ የኔቫ ልቅሶ ግን ሌላ ነበር፤ የወንድሟ የሴድሪክ ጉዳይ በእሱ እጅ ነበርና።

ሴድሪክ በጥጥ መጋዘን ይሠራ ነበር። ከአለቃው ጋር ተጣላና ተባረረ። በሳምንቱ መጋዘኑ ተቃጠለ፤ የዘበኛውም ሁለት እጆች አብረው ተቃጠሉ። የሴድሪክን የመሰለ መኪና አየሁ የሚል ሰው ተገኘ፤ ሴድሪክም ታሰረ። እሱ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እሳቱ በተነሣበት ሰዓት ከከተማው ወዲያ፣ አሮጌው የወፍጮ መንገድ ላይ ጎማው ፈንድቶ ቆሞ ነበር። አንድ ነጭ ሰውዬ በጭነት መኪና መጥቶ የመኪና ማንሻ ክሪክ አበደረው፤ ትርፍ ጎማውንም አብሮት አሰረ፤ ስሙን ሳይናገር ሄደ። ፖሊሶቹ ሳቁበት። ጠበቃ ሎኬት ግን አመነው። አምስት ወር ያንን ሰው ሲፈልግ ከረመ። በዚያች በሞተባት ዓርብ እስር ቤት መጥቶ፣ በመስታወቱ ማዶ ስልኩን አንሥቶ፣ «ሰውዬህን አግኝቼዋለሁ፤ ሰኞ መጥቼ እነግርሃለሁ» አለው። ሰኞ የመጣው መርዶው ነው።

ከዚያ ወዲያ የተመደበው የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ፐርቪስ ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመ ሰው እንጂ። የሎኬትን መዝገብ ገጽ በገጽ አገላበጠ፤ የምስክር ስም የሚባል ግን አላገኘም። ዐቃቤ ሕጉ፣ ጥፋተኛ ነኝ ካለ ስድስት ዓመት፣ ከተከራከረና ከተሸነፈ ሃያ ዓመት አለ። ሴድሪክ ከታሰረ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በሰኔ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ለእኅቱ ሳይነግር ዳኛው ፊት ቆመና «ጥፋተኛ ነኝ» አለ። ቅጣቱን ለመስማት ለሐሙስ ተቀጠረ።

ኔቫ ለስኮላርሺፑ ቃለ መጠይቅ የተጠራችው በማግስቱ ማክሰኞ ነበር።

በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ምሳ የሚበላበት አዳራሽ ውስጥ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ማዶ ሚስተር ዎምብልና ወይዘሮ ሎኬት ተቀምጠዋል። ኔቫ የእናቷን ጫማ አድርጋ ነበር፤ ጣቶቿን ቆንጥጧታል። ሚስተር ዎምብል ውጤቷን አዩ፣ አመሰገኑ፣ ከዚያም ለሁሉም የሚያቀርቡትን ጥያቄ ጠየቋት፦ ጠበቃ ለመሆን ለምን ፈለገች? ለዚህ ጥያቄ ሁለት ሳምንት ሙሉ መልስ ስታጠና ከርማለች። አፏን ስትከፍት ያ ያጠናችው ሁሉ እንደ ጉም ተነነ።

«ትናንት ወንድሜ ያልሠራውን ሠራሁ አለ» አለች። «ጠበቃ ሎኬት ምስክሩን አግኝተውት ነበር። ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሐሙስ ይፈረድበታል። ሌላ የምለው ነገር ነበረኝ፤ ጠፋኝ።»

ሚስተር ዎምብል መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ አዝናለሁ» አሏት ረጋ ብለው። «ግን ይኼ ቦታው አይደለም። ውጭ ያሉትም ተራቸውን እየጠበቁ ነው።»

ኔቫ ይቅርታ ጠይቃ ወጣች። መኪና ማቆሚያው ደርሳ ቁልፏን ስትፈልግ ከኋላዋ የሴት እርምጃ ሰማች። ወይዘሮ ሎኬት ናቸው፤ ጉልበታቸው ስለማይታዘዝላቸው ቀስ እያሉ፣ የቆሙትን መኪኖች እየተደገፉ መጡ።

«ባሌ ለወንድምሽ ምን አለው? ቃል በቃል ንገሪኝ።»

ነገረቻቸው።

«መቼ ነው ያለው?»

«ዓርብ፣ ከሰዓት በኋላ። ከእሱ ጋር ተነጋግረው ሲወጡ ነው መንገድ ላይ…» አለችና ቀሪውን ዋጠችው።

«ለኔ ሊደውልልኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ሎኬት። «ሁልጊዜ ከዚያ ሲወጣ ይደውላል። ሦስት ወር ሙሉ ለማን ተናግሮ እንደሞተ ስጠይቅ ነበር። ለወንድምሽ ኖሯል።»

ከዚያ መዝገቡ ውስጥ ያልተገኘ ነገር ሊኖር የሚችለው አንድ ቦታ ብቻ እንደሆነ ነገሯት። ባላቸው የሞተበት መኪና ፖሊሶቹ ካመጡት ቀን ጀምሮ ጋራዡ ውስጥ በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። በሩን የከፈተ ሰው የለም። ልጃቸው ከአትላንታ መጥቶ ልሽጠው ሲል አስለቅሰው መልሰውታል። አሁን ግን የቀሩትን አመልካቾች ለሚስተር ዎምብል ትተው ኔቫን ወደ ቤታቸው ወሰዷት፤ ቁልፉንም እጇ ላይ አኖሩላት። እሳቸው አልገቡም። ጋራዡ ደጃፍ ላይ ጀርባቸውን አዙረው ቆሙ።

ኔቫ ሸራውን ገፍፋ በሩን ስትከፍት የናና ከረሜላ ሽታ ወጣ። ባርኔጣው ከጎን ወንበር ላይ ነበር። ቢጫው የማስታወሻ ደብተር ከወንበሩ ሥር ተንሸራቶ ገብቶ ነበርና በሆዷ ተኝታ አወጣችው።

«አለ?» አሉ ወይዘሮ ሎኬት ሳይዞሩ።

«አለ።»

«አንብቢልኝ። ሁሉንም።»

የመጨረሻውን ገጽ አነበበችላቸው። ሆሊስ ኦት፣ የኦቾሎኒ መፈልፈያ ፋብሪካ ሠራተኛ። ክሪኩን አስታውሷል፤ ሰዓቱን አስታውሷል፤ ሴት ልጁ በዚያ ቀን ተወልዳ ከሆስፒታል ሲመለስ ነበር። መንጃ ፈቃዱ ታግዷል፤ በገደብ የተለቀቀ ነው፤ መንዳቱን ካመነ ይታሰራል፤ ፈርቷል፤ አስቤ እነግርሃለሁ ብሏል። ከሥሩ በሌላ ቀለም፣ «የቨርዴል የዓይን ጠብታ» ይላል።

ወይዘሮ ሎኬት ሁለት እጃቸውን በሩ መቃን ላይ አሳረፉ። «ሂጂ ሰውየውን ፈልጊ» አሏት። «እኔን አትጠብቂ።»

ፐርቪስ በስልክ የነገራት አጭር ነው። በጆርጂያ ሕግ ተከሳሹ ዳኛው ቅጣቱን እስኪናገር ድረስ ጥፋተኛ ነኝ ያለውን ቃል ወደ ኋላ መመለስ ይችላል፤ መብቱ ነው፤ ማንም አይከለክለውም። ከዳኛው አፍ ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ግን አበቃ። «ከመለሰ ደግሞ ስድስቱ የለም» አላት። «ያኔ ያለው ሃያው ነው። ምስክር ሳይኖረኝ ተመለስ ብዬ አልመክረውም። አንቺም አትምከሪው።»

ረቡዕ በምሳ ሰዓት ሆሊስ ኦትን ከፋብሪካው አጥር ሥር አገኘችው። አቧራ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው ነው፤ ዳቦውን በወረቀት ይዞ ብቻውን ተቀምጧል። የማን እኅት እንደሆነች ስትነግረው መብላቱን አቆመ።

«ጠበቃው ሽማግሌ መጥቶ ነበር» አለ። «ጥሩ ሰው ነው። መሞቱን ስሰማ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እፎይ አልኩ።»

«ወንድሜ ነገ ይፈረድበታል።»

«አውቃለሁ። ጋዜጣ ላይ አየሁት።» ዳቦውን መልሶ ጠቀለለው። «ስሚኝ፣ ያን ዕለት ሚስቴ ምጥ ይዟት ነው የነዳሁት። ማን ይውሰዳት? አሁን ሕፃኗ ዓመት ሊሞላት ነው። እኔ እስር ቤት ከገባሁ ሁለቱም የሚስቴ ወንድም ቤት ወለል ላይ ነው የሚያድሩት፤ እሱ ደግሞ ሰካራም ነው። አልዋሽሽም። ወንድምሽ እዚያ ነበር። ግን አልመጣም።»

ኔቫ ለመነችው። በሕፃኗ ለመነችው፣ በእናቷ ለመነችው፤ እግሩ ላይ ልትወድቅ ትንሽ ቀራት። ሰውየው መሬት መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ። የፋብሪካው ደወል ሲደወል ተነሥቶ ገባ።

ከዚያ በቀጥታ ወደ እስር ቤቱ ነዳች። እናቷ አይዳ ደጁ ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር፤ ነገሩን ከወይዘሮ ሎኬት ሰምተዋል። ሰውየው እምቢ ማለቱን ስትነግራቸው ክንዷን ያዟት። «ኔቫ፣ ተይው» አሏት። «ስድስቱን ዓመት እጠብቀዋለሁ። ሃያውን ግን አልደርስም። ስኳሬን ታውቂዋለሽ፤ አልደርስም።»

«እማ፣ አልሠራውም እኮ።»

«መች ሠራው አልኩሽ?»

የተፈቀደላቸው አሥራ አምስት ደቂቃ ነበር። ሴድሪክ ከመስታወቱ ማዶ ተቀመጠ፤ ፊቱ ገርጥቶ፣ ጸጉሩ ከፊት ለፊቱ ሳስቶ ነበር፤ ሃያ አምስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። ኔቫ ደብተሩን ገልጣ መስታወቱ ላይ ለጠፈችለት። የጠበቃውን ጽሕፈት ደጋግሞ አነበበ።

«እውነት አግኝቶት ነበር» አለ። «እኔ እኮ ሊያጽናናኝ የዋሸኝ መስሎኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ ሽማግሌውን ውሸታም አድርጌው።» ከዚያ ቀና አለ። «አገኘሽው? ይመጣል?»

የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይላሉ። ኔቫ መልሱን አስቀድማ አላሰበችበትም። ማድረግ የነበረባትን ታውቃለች፤ ፐርቪስም ነግሯታል። ግን ያ ፊት እያያት ነበር፤ ነገ ደግሞ በር ይዘጋል።

«ይመጣል» አለች።

«ራሱ ነው ያለሽ?»

«ራሱ።»

እናቷ ከኋላዋ ሆነው ያንን ሰሙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሐሙስ ጠዋት ዳኛው፣ ቅጣቱ ከመነገሩ በፊት የምትለው አለህ ወይ ብለው ጠየቁ። ሴድሪክ ተነሣ። ቃሌን መልሻለሁ፣ አላቃጠልኩም አለ። ዐቃቤ ሕጉ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። ፐርቪስ ዞሮ ኔቫን አያት። አይዳ ቦርሳቸውን አንሥተው ከአዳራሹ ወጡ። ክርክሩ ለኅዳር ተቀጠረ።

ኮሪደሩ ላይ ፐርቪስ፣ «ሰውየው የት አለ?» ሲላት እውነቱን ነገረችው። ግድግዳውን ተደገፈ። «ለወንድምሽ እነግረዋለሁ» አለ። ቀጥሎ ግን፣ «ብነግረው ምን ያደርግለታል?» አለ ለራሱ። «ስድስቱ ሄዷል።» አልነገረውም። ለሆሊስ ኦት የፍርድ ቤት መጥሪያ ላከ። መጥሪያ ሰውን ያቀርባል፤ አፉን ግን አይከፍትለትም።

በእነዚያ ወራት ኔቫ እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበራትም። የምትበላው አይወርድላትም፤ መጽሐፍ ገልጣ አንዱን ገጽ ሰዓት ሙሉ ታየዋለች። ሦስት ጊዜ ወደ ሆሊስ ቤት ሄዳለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ሚስቱ ዳርሊን ሕፃኗን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማ የለም አለቻት፤ ጫማው ግን ደጁ ላይ ነበር። እናቷ ምግብ ያቀርቡላታል፣ ልብሷን ያጥቡላታል፤ ስለዚያ ቀን ግን አንድ ቃል አያነሡም። ያ ዝምታቸው ነበር የሚያቃጥላት። ሴድሪክ ደግሞ በየሳምንቱ ይደውልና ስለ ምስክሩ ደኅንነት ይጠይቃል። «ሰላም በይልኝ» ይላል። «ስወጣ የማጠምድለትን ዓሣ ንገሪው።» እሷም፣ እሺ እነግረዋለሁ ትላለች።

በነሐሴ ወይዘሮ ሎኬት ጠሯት። ሚስተር ዎምብል ሌላ ልጅ ቢመርጡም፣ ከብዙ ክርክር በኋላ እሺ እንዲሏቸው እንዳደረጉና ስኮላርሺፑ ለእሷ እንደሆነ ነገሯት። በረንዳቸው ላይ ነበሩ፤ የተቀቀለ ኦቾሎኒ በሳህን መሀላቸው ተቀምጧል። ኔቫ ያኔ ነው ሁሉንም ያፈረጠችው፤ ውሸቷን፣ የሰውየውን እምቢታ፣ የየሳምንቱን ስልክ ሁሉ።

«በእሳቸው ስም አልችልም» አለች። «ለሌላው ልጅ ይስጡት።»

ወይዘሮ ሎኬት የያዙትን ኦቾሎኒ ሳይፈለፍሉ ወደ ሳህኑ መለሱት። «አምብሮዝ ደንበኛውን ዋሽቶ አያውቅም» አሉ። «እውነቱን ነግሯቸው እስር ቤት የገቡ ልጆች አሉ። አንዱ እዚያው ሞቷል። ያ ልጅ በሞተ ዓመት አምብሮዝ ከዚህ ወንበር አልተነሣም። መዋሸትና እውነቱን መናገር የትኛው እንደሚሻል ጠይቄው ነበር። አላውቅም ነው ያለኝ።» ከዚያ ስኮላርሺፑን ዘንድሮ ለሌላው ልጅ እንደሚሰጡት፣ የሚመጣው ዓመት ግን እንደገና እንድታመለክትና ይህንኑ ሁሉ ሳትቀንስ እንድትጽፍ ነገሯት። ኔቫ ቃል አልገባችም።

ኅዳር ደረሰ። በክርክሩ ሦስተኛ ቀን ፐርቪስ ሆሊስ ኦትን ጠራ። ሆሊስ ሰፊ ኮት ለብሶ ገባ፤ ዳርሊን ሕፃኗን ይዛ ከኋላ ተቀመጠች። ፐርቪስ ያን ዕለት መኪና ነድቶ እንደሆነ ጠየቀው፤ ሊመልስ ሲል ዳኛው አስቆሙት። የሚናገረው ራሱን የሚያስጠይቀው ከሆነ ላለመመለስ መብት እንዳለው አስረዱት።

«ካልመለስኩ ይኼ ልጅ ምን ይሆናል?» አለ ሆሊስ ሴድሪክን እያመለከተ።

ዳኛው ያንን ሊነግሩት እንደማይችሉ ነገሩት። ሆሊስ ወደ ሚስቱ አየ። ዳርሊን አንገቷን ደፍታ የሕፃኗን ካልሲ ታስተካክል ነበር።

«ነድቼ ነበር» አለ። «ክሪኩ የኔ ነው። ልጁ እዚያ ነበር፤ ከዘጠኝ ሰዓት ተኩል እስከ አሥር ሩብ ጉዳይ ድረስ ጎማ ስናስር ነበር።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሥቶ፣ ታዲያ ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ የት ነበርክ፣ ማነው ና ብሎ ያስጠናህ አለው። ሆሊስ ተቆጣ። «ማንም አላስጠናኝም። እኅትየዋ በሰኔ መጥታ ለምናኝ አልመጣም ብያታለሁ። በፊቷ ነው እምቢ ያልኳት።»

ሴድሪክ ከተከሳሽ ወንበሩ ዞረ። ኔቫን አያት። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ ብትፈልግ አላገኘችም፤ መንገድ ላይ የማያውቃትን ሰው እንደሚያይ ነበር ያያት። ከዚያ ፊቱን መለሰ።

ፍርዱን የሚሰጡት አሥራ ሁለት ሰዎች አንድ ቀን ተኩል ተማክረው ነጻ ነው አሉ። አይዳ ተንበርክከው አለቀሱ። ሴድሪክ እናቱን አቀፈ፣ ፐርቪስን ጨበጠ፣ ወይዘሮ ሎኬትን ጉንጫቸውን ሳመ። ከኔቫ ጋር የተገናኙት ማታ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው።

«ሃያ ዓመቴን ነው የቆመርሽው» አላት፣ ድምፁን ሳያነሣ። «ለኔ ብለሽ እንደሆነ አውቃለሁ። ብትነግሪኝ ኖሮ ምናልባት እኔው እመርጠው ነበር። አላስመረጥሽኝም።»

በሳምንቱ ሴድሪክ ሳቫና ከተማ ወዳለው አጎታቸው ሄደ፤ ወደብ ላይ ሥራ ያዘ። እሑድ እሑድ ለእናቱ ይደውላል። ኔቫ ስልኩን ካነሣች፣ «እማን አቅርቢልኝ» ይላል።

ሆሊስ ኦት ገደቡን በማፍረሱ ሰባት ወር ተፈረደበት። የታሰረበት ቦታ ከሞስሊ ሁለት ሰዓት ያስነዳል፤ ዳርሊን መኪና የላትም። ኔቫ ሄዳ፣ በየሁለት ሳምንቱ እሑድ እኔ አደርስሻለሁ አለቻት። ዳርሊን በሩን ፊቷ ላይ ዘጋችው። እሑድ ግን ኔቫ መንገድ ዳር ስትቆም ሕፃኗን ይዛ ወጣች፤ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። መሄድም መመለስም አንድ ቃል አልተናገረችም። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ሆነ።

በአራተኛው፣ ከእስር ቤቱ ውጭ በሩ እስኪከፈት ሲጠብቁ፣ ዳርሊን ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ይዛው ቆየች። ከዚያ በወንበሮቹ መካከል እጇን ዘረጋች።

«ይቺ ደብዳቤ መጣችልኝ» አለች። «ቤቱን ልቀቂ የምትል ትመስለኛለች። ሦስቴ አነበብኳት፤ አልገባኝም።»

ኔቫ ወረቀቱን ተቀብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ እንደገና፣ ቀኖቹን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሕፃኗ ከኋላ ሆና የወንበሩን መደገፊያ ትመታለች።

«መቃወሚያ ማስገባት ይቻላል» አለች። «እስከ ሐሙስ።»

«ይኼ እውነትሽን ነው?» አለች ዳርሊን።

«እውነቴን ነው። እንደምናሸንፍ ግን አላውቅም።»

ዳርሊን ሕፃኗን አነሣችና ከኋላ ወርዳ፣ የፊቱን በር ከፍታ ከጎኗ ተቀመጠች። «እሺ፣ መጀመሪያ ምንድን ነው የምንጽፈው?» አለች።